መቀናጆ፤ ከበሬ እስከ ሞተር

ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድኩት ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «መቀናጆ» ይባላል። ከተማ ላደገ ጆሮ ባዕድ ይሆን ይሆናል፤ ለሞጣና ለብቸና ገበሬ ግን እንደ ቀንበርና እንደ ሞፈር የዘወትር ቃል ነው። ሥሩ «ቀንጃ» ነው፤ ቀንጃ ማለት ከጥማድ በሬዎች አንዱ፣ ለሌላው አቻ የሚሆነው ማለት ነው። በእኛ አገር አስተራረስ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እንግዲህ ባለ አንድ በሬው ገበሬ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ሁለተኛ በሬ ይገዛል፣ ወይም መሬቱን ለባለ ጥማድ በእኩል ይሰጣል፣ ወይም እንደ እርሱ አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። መቀናጆ የሚባለው ይህ ሦስተኛው ነው።

የመቀናጆ ሕግ በወረቀት አልሰፈረም፤ ግን ይታወቃል። ሁለቱ በሬዎች በቁመትም በጉልበትም ሊመጣጠኑ ይገባል፤ አለዚያ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ትልሙም ይጣመማል። እርሻው በተራ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረሰ ነገ የሌላው ይታረሳል። የጤፍ መሬት ደጋግሞ መታረስን ይሻልና፣ ዝናብም ቀጠሮ አይጠብቅምና፣ ተራውን ያዛባ ሰው የባልንጀራውን የዓመት እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን የሚታየው ማታ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማነቆው ይፈታል፣ ቀንበሩ ይወርዳል፤ እያንዳንዱም የራሱን በሬ ነድቶ ወደ ቤቱ ይገባል። መቀናጆው በዓመቱ ቢፈርስ እንኳ ሁለቱም በሬያቸውን ይዘው ይለያያሉ። ሽርክናው ያለ ፍርሃት የሚጸናው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ መለያየት ቢመጣ ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ ገና ከጅምሩ የታወቀ ነው።

«ግጥም ወዳድ ሰው ይህን ሁሉ ስለ በሬ የሚያወራው ለምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሙያዬ የባንክ ጸሐፊነት ነው፤ ግጥም የማመሽበት ነገር ነው። በመስኮቴ በኩል ከሚያልፉት ወረቀቶች መካከል ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የሽርክና ውል ነው። በሞጣ ሁለት ወጣቶች ተሻርከው ባጃጅ ለመግዛት ሲነሱ፣ አንዱ ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ያዋጣል፤ ሌላው መንጃ ፈቃዱንና ጉልበቱን ያቀርባል። ውሉ የዕለቱ ገቢ እንዴት እንደሚካፈል በዝርዝር ይናገራል። ሽርክናው የፈረሰ ዕለት ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ከአያቶቻቸው የበሬ ውል ይህ አንቀጽ ጎድሎበታል ማለት ነው።

ይህን እያሰብኩ የባጃጅን የራሱን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የመቀናጆ ታሪክ ሆነብኝ።

«ባጃጅ» የሰው ስም ነው። ጃምናላል ባጃጅ የማኅተመ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅ የነበረ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ጋንዲ እንደ አምስተኛ ልጁ ይቆጥረው ነበር ይባላል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1945 ያቋቋመው የንግድ ኩባንያ ከ1948 ጀምሮ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችን ከውጭ እያስመጣ ይሸጥ ነበር። ዛሬ በእኛ አገር ስሙ ከባለቤቱም አልፎ የዕቃው ስም ሆኗል፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ባለ ሦስት እግርም ሞጣ ላይ የሚጠራው ሁሉ «ባጃጅ» ብሎ ነው።

ዕቃው ግን የተወለደው ጣሊያን አገር ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1884 ጄኖቫ አጠገብ ተመሥርቶ በመርከብ ዕቃ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ባቡር፣ ከባቡርም ወደ አውሮፕላን ተሸጋገረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጎጃም የጣሊያንን ማሽን ያወቀው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሰማዩ ላይ ሲያንዣብብበት ነውና፣ የዚያ ዘመን አርበኛ የልጅ ልጆቹ ከጣሊያን በመጣ ንድፍ ላይ ተሳፍረው ገበያ ሲሄዱ ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ጦርነቱ ሲያበቃ የፒያጆ ፋብሪካ በአየር ድብደባ ፈራርሶ ነበር። ኤንሪኮ ፒያጆ ለድሃይቱ ጣሊያን ርካሽ መጓጓዣ እንዲነደፍለት የሄሊኮፕተር መሐንዲሱን ኮራዲኖ ዳስካንዮን ጠየቀው። ዳስካንዮ ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር። ስለዚህ ሞተር ብስክሌት የማይመስል ነገር ነደፈ፤ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ክንድ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ጎማ በአንድ ጎን ብቻ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው ይህ ተሽከርካሪ «ቬስፓ» ተባለ፤ ትርጉሙ ተርብ ነው። በ1948 ከዚያው ላይ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ጫኝ አወጡለትና «አፔ» አሉት፤ ትርጉሙ ንብ ነው። የእኛዎቹ ባጃጆች የዚህች ንብ ዘሮች ናቸው። ማር ለሚያውቀው ለጎጃም ሰው ይህ ስም የሚደላ ይመስለኛል፤ ከተርብ ንብ ይሻላልና።

ባጃጅ ከሕንድ መንግሥት የማምረት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ከፒያጆ ጋር የቴክኒክ ትብብር ገባ። እነሆ መቀናጆ! ፒያጆ ንድፉንና የሞተሩን ጥበብ አመጣ፤ ባጃጅ ፋብሪካውን፣ ሠራተኛውንና ሰፊውን የሕንድ ገበያ አመጣ። ይህ ጥማድ ዐሥር ዓመት ያህል አረሰ። የሕንድ መንግሥት ከውጭ ኩባንያዎች ጋር የሚደረጉ ውሎችን ባጠበቀበት ዘመን፣ በ1971፣ የባጃጅና የፒያጆ ውል ሳይታደስ ቀረ። ቀንበሩ ወረደ። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ማን ምን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ?

ፒያጆ ስሙንና ንድፉን ይዞ ገባ። ባጃጅ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሞተር መሥራት የለመደ እጅ ይዞ ገባ። ወዲያው በ1972 «ቼታክ» የተባለውን ስኩተር በራሱ ስም አወጣ፤ ገዢዎችም ተመዝግበው ለዓመታት ወረፋ ይጠብቁለት ነበር። «ቼታክ» የፈረስ ስም ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የሜዋር ገዢ የነበረው የራና ፕራታፕ የጦር ፈረስ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኛም እኮ ጀግናን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያልን ነው የኖርነው። ልዩነቱ ሕንዶቹ የፈረሱን ስም ያወጡት ሊሠሩት ለሚችሉት ሞተር መሆኑ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ባጃጅ በዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር ተቀናጅቶ የሞተር ብስክሌት ሥራ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኦስትሪያው ኬቲኤም አክሲዮን ገዝቶ የእርሱን ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች ሕንድ ውስጥ ማምረት ጀመረ። ኬቲኤም በ2024 መጨረሻ በዕዳ ተይዞ የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ በ2025 ገንዘብ አፍስሶ ያዳነውና የተቆጣጠረው ይኸው ባጃጅ ነው። የጣሊያኖቹ ደቀ መዝሙር የአውሮፓ ፋብሪካ አዳኝ ሆነ። ፒያጆም በበኩሉ በ1990ዎቹ መጨረሻ ንቡን ይዞ ወደ ሕንድ ተመልሶ የቀድሞ ቀንጃው ተፎካካሪ ሆኗል። ሁለቱም በሬያቸው እጃቸው ላይ ነበርና ከተለያዩም በኋላ ማረሳቸውን አላቆሙም።

የባጃጅና የፒያጆ ቀንበር የወረደው ውሉ ሳይታደስ ስለቀረ ነው። አንዳንዱ መቀናጆ ግን የሚፈታው ሥራው ራሱ ስላበቃ ነው፤ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ በረዶ አገር ልውሰዳችሁ። በሰሜን አሜሪካ ክረምት በበረዶ ላይ የሚንሸራተት፣ ከፊቱ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከኋላው ሰፊ የጎማ ቀበቶ ያለው ሞተር አለ። አርክቲክ ካት የተባለው የሚኒሶታ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዐሥርት ዓመታት የተጠቀመው በጃፓኑ ሱዙኪ ሞተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሌላው ጃፓናዊ ከያማሃ ጋር ተቀናጀ። ያማሃ ሞተሩን ሰጠ፣ አርክቲክ ካት አካሉን ሠራ፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣው በሁለት ስም ተሸጠ። ሁለት ተፎካካሪዎች በአንድ ቀንበር ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገበያው ትንሽ፣ አዲስ ሞተር መንደፍ ግን ውድ ነው። በሬው ሁለት ሳይሆን ማሳው አይታረስም። እ.ኤ.አ. በ2023 ያማሃ ከበረዶ ተሽከርካሪ ሥራ ጨርሶ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ አርክቲክ ካትም በ2025 ለሌላ ባለቤት ተላለፈ። ያማሃ ሞተር መሥራቱን በሌላ መስክ ቀጥሏል። በሬው ማሳ ቀየረ እንጂ አልሞተም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ባለሀብቶች ተሻርከው ሆላንድ ካር የተባለ የመኪና መገጣጠሚያ አቋቋሙ። መጀመሪያ የገጣጠመው «ዶክ» የተባለውን መኪና ነበር፤ ይህም ቱርክ አገር በጣሊያኑ ፊያት ፈቃድ ይመረት ከነበረው የመጣ ነው። ቀጥሎ ከቻይናው ሊፋን ጋር ተቀናጀ። የሊፋን 520 ሞዴል ተበታትኖ ይመጣል፣ እዚህ ይገጣጠማል፣ ከዚያም ስም ይወጣለታል። ስሙም «ዓባይ» ተባለ። «ተከዜ» እና «አዋሽ»ም ተከተሉ።

ያን ጊዜ ስሙ ደስ ያላሰኘው የጎጃም ሰው ያለ አይመስለኝም። ዓባይ እኛን እንደ መቀነት የከበበ ወንዝ ነው፤ በስሙ መኪና ሲጠራ ማየት ኩራት ነው። ነገር ግን ስለ ዓባይ የወረስነው ተረትም አለ፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል። የመኪናው ዕጣም እንዲሁ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሊፋን ያንግፋን ሞተርስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቁሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በራሱ መገጣጠምና መሸጥ ጀመረ። ሆላንድ ካር ወደ ሌላ ቻይናዊ አምራች ዞረ፤ አልሰመረለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። ቀንበሩ ሲወርድ ሊፋን ሞተሩን፣ ንድፉንና መለዋወጫውን ይዞ ቀረ። በእኛ እጅ የቀረው ስሙ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ሊፋንም ራሱ ቀንጃ ፈላጊ ነበር። መሥራቹ ዪን ሚንግሻን ከመጽሐፍ አርታኢነትና ከመጽሐፍ ንግድ ወጥቶ፣ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ቾንግቺንግ ላይ የሞተር ብስክሌት ሞተር መሥራት የጀመረ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ ጥሩ ሞተር አጣ። በ2006 ቢኤምደብልዩና ክራይስለር በሽርክና ብራዚል ያቋቋሙትን የሞተር ፋብሪካ ገዝቶ፣ ብሎን በብሎን ነቅሎ ወደ ቻይና ሊያጓጉዝ ተነሣ። አልተሳካለትም፤ ፋብሪካውን በ2008 የገዛው ፊያት ሆነ። ሊፋንም በ2020 በዕዳ ተይዞ ለመልሶ ማዋቀር ወደ ፍርድ ቤት ገባ። የበሬው ባለቤት መሆን ብቻውን ከውድቀት አያድንም፤ ነገር ግን ሰውዬው ምን እንደጎደለው አውቆ፣ ለዚያ ውቅያኖስ ለመሻገር መነሣቱ ያስተምራል።

ታዲያ እኛ ከቶ በሬ የለንምን? አለን። አስቀምጣችሁ የቆያችሁትን የስም ነገር አሁን አንሡልኝ። ከደጀን በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ የተጓዘ ሁሉ «ቅጥቅጥ»ን ያውቃታል። ሞተሯና ሻንሲዋ የጃፓኑ አይሱዙ ነው። አካሏን ግን በአገራችን ባለሙያዎች ላሜራ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው፣ በይደው ያለበሷት ነው፤ ስሟም ከዚሁ ከመቀጥቀጥ ወጣ። ይህም መቀናጆ ነው፤ የጃፓን ሞተርና የአበሻ መዶሻ በአንድ ቀንበር ሥር። ለዚህ ሽርክና ማንም የወንዝ ስም አልሰጠውም። እንዲያውም «ቅጥቅጥ» ስንል በአፋችን ጥግ ትንሽ ንቀት አለባት።

ንቀቱ የቆየ ነው። ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» ብለን የሰደብን፣ ሸማኔንና ፋቂን ያገለልን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ እንደሆነ አስቡት። የተሰደበው እጅ ግን ሥራውን አላቆመም። «ዓባይ» የሚል ታላቅ ስም የተሸከመችው መኪና ከመንገድ ስትርቅ፣ የስድብ ቅሪት ስም የተሸከመችው ቅጥቅጥ የሞጣን ሰው እየጫነች ዘለቀች። በእኔ ግምት ምክንያቱ አንድ ነው፤ በአንደኛው ሽርክና ያዋጣነው ስም ነበር፣ በሁለተኛው ያዋጣነው እጅ ነው። ስም የሚያወጣ ሰው ይተካል፤ ሥራ የለመደ እጅ ግን ሽርክናው ቢፈርስም ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ቤት ይገባል። በሆላንድ ካር ብሎን ያጠበቁ ወጣቶችም ሙያቸውን ይዘው ሄደዋል ብዬ ማሰብ እወዳለሁ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኳችሁ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል፤ ባለ ሦስት እግሩም በባትሪ መጥቷል። ባትሪውም፣ ሞተሩም፣ የሚያዝዘው ኮምፒዩተርም ከውጭ ነው። አዲስ ቀንበር ሊታጠፍልን ነው ማለት ነው። ገጣጥመን ስም ማውጣቱን ለምደነዋል፤ ለዚህ ቅኔ የተማረ ሕዝብ አያንስም። ከእያንዳንዱ የመገጣጠሚያ ውል ፊት ግን የሞጣ ገበሬ ለጎረቤቱ የሚያቀርበውን ጥያቄ ማስቀደም ይገባናል፤ «በሬህ ይህ ነው፤ የእኔስ የቱ ነው? ማታ ምን ነድቼ ልገባ ነው?» ባትሪ መጠገን ይሆን? የሞተር መዳብ መጠምጠም ይሆን? አካል መቀጥቀጥ ይሆን? ትንሽም ቢሆን የራሳችን የሆነ አንድ ቀንጃ ሊኖር የግድ ነው።

ባጃጅ ሊገዙ ለሚሻረኩት ወጣቶችም ምክሬ ከዚህ የተለየ አይደለም። ገንዘብ ያዋጣው ገንዘቡን እንደሚያስመልስ ሁሉ፣ ጉልበት ያዋጣው ምን ይዞ እንደሚወጣ በውሉ ላይ ይጻፍ። መንዳት ብቻ የሚያውቀው መጠገንም ይማር፤ ያ ማንም የማይወስድበት በሬው ነው። አያቶቻቸው ይህን ያለ ወረቀት ያውቁት ነበር፤ እነርሱ ደግሞ ወረቀትም አላቸው።

እንደ ልማዴ በስንኝ ልሰናበታችሁ፦

ተጣምደን ብንውል ባንድ ቀንበር ሥር፣
ማታ ይለየናል የየቤቱ በር፤
ቀጥቃጭ ያላችሁት ያ የከሰለ እጅ፣
ብረቱን አላምዶ አረገው ወዳጅ፤
ስም ብቻ ያዋጣ ስሙን ይዞ ይግባ፣
በሬ ያለው ያርሳል ነገም ጎሕ ሲጠባ።

ቸር ያሰንብተን።